ጋሬጣ ልትለው ነው እንዴ?

መቼም የስም ነገር ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ልጅ ይወለዳል፣ ስም ይወጣለታል፣ አለቀ! እኔም ደርሶብኝ እስካየው ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን ገና ያልተወለደ ሕፃን ሁለት አገር አነካክቶ አንድ ትዳር ሊያናጋ ምንም እንደማይቀረው በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው የዌልስ ዋና ከተማ በሆነችው በካርዲፍ ነው። ዌልስ የት ናት ለምትሉ፣ በብሪታንያ ደሴት በስተምዕራብ ከእንግሊዝ ጋር የተጣበቀች፣ ግን ሰዎቿን «እንግሊዝ ናችሁ» ካላችኋቸው የሚቀየሙባችሁ አገር ናት። የራሷ ቋንቋ አላት። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ቆጠራ ዌልስኛ እንናገራለን ያሉት 538 ሺህ ያህል ሰዎች ናቸው። ከመቶ ሰው አሥራ ስምንት እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ባለቤቴ ከነዚህ አንዷ ናት። ተራራ በበዛበት በሰሜን ምዕራቡ በኩል ነው ያደገችው። ከኔ ጋር የምታወራው በእንግሊዝኛ ቢሆንም የምትናደደው በዌልስኛ ነው።

አረገዘች። «ወንድ ነው» ተባልን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን ፓርላማ ሆነ።

የኔ አቋም ግልጽ ነበር። ጃክ፣ ቶም፣ ቤን… አጭር፣ ማንም የሚጠራው፣ ማንም «እንዴት ነበር ያልከኝ?» የማይልበት ስም። ለምን መሰላችሁ? የኔ ስም (በዚህ ገጽ ስም አይጻፍም እንጂ) ውስጡ «ጸ» አለበት። «ጸ»ን በፈረንጅ አፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሦስት ጊዜ ሞከረና ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ ከራሱ አገር አንድ አጭር ስም መዞ «እንዲህ ብልህ ቅር ይልሃል?» አለኝ። አዲስ ሰው ነኝ፣ ሥራውን እፈልገዋለሁ፣ ቅር አይለኝም አልኩ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ስም ስጠራ አቤት እላለሁ። ልጄ ይህን እንዳያይ ፈለግኩ። አበቃ።

ባለቤቴ ግን «የዌልስ ስም ካልሆነ አልወልድም» ከማለት ምንም አልቀራት። ወረቀትና እርሳስ ይዛ ቁጭ አለች። ዝርዝሩ ረዘመ።

እዚህ ላይ ስለ ዌልስ ስሞች ትንሽ ልንገራችሁ። የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ግን እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብሎ የገባ ሰው ጉድ ይሆናል። አንድ ኤፍ «ቭ» ነው፤ «ፍ» ለማለት ሁለት ኤፍ ያስፈልጋል። ደብልዩ እንደ «ኡ» ሊነበብ ይችላል። ኤስና አይ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ «ሽ» ይሆናሉ። ሁለት ኤል ጎን ለጎን ሲቆሙ ደግሞ… እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ዝርዝሩ ላይ ኤስ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤን የሚል አየሁና «ጽዮን!» ብዬ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። እናቴ በደስታ ስታለቅስ ሁሉ ታየኝ። ባለቤቴ ሳቀች። «ሾን ነው የሚባለው። ዮሐንስ ማለት ነው።» ዮሐንስ እኮ እነሱ ጋ ስንት ልብስ እንዳለው! ሾን፣ ዮአን፣ ኢቫን፣ ዬያን… ሁሉም ዮሐንስ ናቸው። ዴዊ ዳዊት ነው። የአገሪቱ ጠባቂ ቅዱስም እሱ ስለሆነ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን በዓሉ ይከበራል።

ትርጉማቸውን ሳይ ደግሞ የኛን አገር ስም አወጣጥ አስታወሰኝ። ብሪን ኮረብታ ነው። ሪስ ግለት፣ ወኔ ማለት ነው። ሃወል ጎልቶ የሚታይ፣ ኤሚር ንጉሥ። በመልክም ያወጣሉ። ግዊን ነጭ ነው፤ ጌቲን ደግሞ ጠቆር ያለ፣ በኛ አነጋገር ጠይም። «ልጃችን ጠይም ስለሚሆን ጌቲን ብንለውስ?» አለችኝ። «ጠይም ላይሆን ይችላል» አልኳት። በዚህም ተከራከርን!

የፋሽኑን ነገር ካነሳን፣ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሕፃናት ስም ዝርዝር ያወጣል። በዌልስም ቢሆን ከላይ የሚደረደሩት ኖዋና ኦሊቨርን የመሳሰሉት ናቸው። ግን ዝቅ ስትሉ የአገሩን ልጆች ታገኛላችሁ፤ ኦሻን፣ ኤሊስ፣ ማክሰን፣ ቶሞስ፣ ሃሪ። ማክሰን የጥንት የሮማ ንጉሠ ነገሥት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣ አንድ የዌልስኛ ዘፈን ውስጥ ይነሳል። ዌልስ ከ1958 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2022 ለዓለም ዋንጫ ኳታር ስትሄድ ቡድኗ የተሸኘው በዚያ ዘፈን ነው። በዚያ ሰሞን ካርዲፍ ውስጥ ማክሰን ሲባል ያልሰማ ጆሮ የለም።

ይህን ሁሉ ይዤ አንድ እሑድ አዲስ አበባ እናቴ ጋ ደወልኩ። ባለቤቴም አጠገቤ ሆና ትሰማለች።

«እማዬ፣ የልጁን ስም እያየን ነው።»

«እሰይ! ማን ልትሉት ነው?»

«ለምሳሌ ጋሬት» አልኳት።

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «ጋሬጣ?» አለች ቀስ ብላ። «የልጅ ልጄን ጋሬጣ ልትለው ነው እንዴ? ገና ሳይወለድ ምን አደረገህ?»

ጋሬት በዌልስ የተከበረ ስም ነው፤ የኳስ ተጫዋቹን ጋሬት ቤልን የማታውቁ የላችሁም። ግን እናቴ ኳስ አታይም። ወደ ቀጣዩ አለፍኩ።

«ካይስ?»

«ቀይ? እናቱ ፈረንጅ ናት፣ ቀይማ ይሆናል። ስም ይሆናል ታዲያ?»

«እሺ ኢድሪስ።»

«የባለሱቁ ስም? ደግ ሰው ነው፣ ዱቤ ነስቶኝ አያውቅም። ግን ክርስትና ሲነሳ ቄሱን ምን ልትላቸው ነው?»

የዌልሱ ኢድሪስ ከዐረቡ ኢድሪስ ጋር በአጋጣሚ የተገናኘ፣ የድሮ የዌልስ ስም መሆኑን አስረዳኋት። በባለቤቴ አገር በኩል «የኢድሪስ ወንበር» የሚባል 893 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ እንዳለ፣ ኢድሪስ የሚባል ግዙፍ ሰው ይቀመጥበት እንደነበረ በተረት እንደሚወራም ነገርኳት። «ይቀመጥ» አለች።

ባለቤቴ ዕድሏን ልትሞክር ፈለገችና ስልኩን ወስዳ የታወቀ የመስፍን ስም ጠራች፤ ሊወሊን። መጀመሪያው ላይ ያ ሁለት ኤል አለ። እናቴ ደነገጠች። «ልጅቷን ጉንፋን ይዟታል እንዴ? በዚህ ሆዷ? ዝንጅብል አፍልተህ ስጣት እንጂ!»

የመጨረሻዋን ሞከርኩ። «ዲላን።»

«ዲላ? የቡናው አገር? እዚያ ማን አለን?»

ሳቅን፣ ሳቅን… ከዚያ እናቴ ድምጿ ተለወጠ። «ስማኝ ልጄ። ዓይኔ እየደከመ ነው። እዚያ ድረስ መጥቼ ልጁን አላየው። በስሙ እንኳ ልጥራው። እኔ የምጠራው ስም ስጡት።»

ስልኩ ተዘጋ። እኔም ፊቴ ጠቆረ። «በቃ ጃክ ይሁንና እንገላገል» አልኳት ባለቤቴን። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና በሕይወቴ የማልረሳውን ነገር ተናገረችኝ። «አንተ ለሰው እንዲቀል ብለህ ስምህን ሰጠህ። አሁን የልጄንም ልትሰጥ ነው?»

ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። እውነቴን ነው፣ በአንድ ቤት ውስጥ ጨው አቀብለኝ እንኳ የለም።

በአራተኛው ቀን አባቷ መጡ። ለጣሪያ የሚሆን ጥቁር ድንጋይ በሚፈነቀልበት ካባ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ወሬ የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው እንዳስጠራቻቸው ገብቶኛል። ሻይ ቀረበ። ስለ ስሙ አንድም ቃል ሳያነሱ ስለ አያታቸው አባት ያወሩኝ ጀመር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ የዌልስ ትምህርት ቤቶች ዌልስኛ ሲያወራ የተገኘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ልጁ ከእንጨቱ የሚገላገለው ሌላ ዌልስኛ የሚያወራ ጓደኛውን ሲያጋልጥ ነው። እንጨቱ ካንገት ወደ አንገት ሲዞር ይውልና በመጨረሻ ያደረበት ልጅ ይገረፋል። የአያታቸው አባት ያ እንጨት ደርሷቸዋል።

«ታዲያ ያን የሚያደርጉት መምህራን ክፉ ሰዎች አልነበሩም» አሉኝ። «ብዙዎቹ ዌልሶች ነበሩ። ለልጁ እንዲቀለው ብለው ነው። አንተም ለልጁ እንዲቀለው ነው የምትለው፣ አይደል?»

ምን ልበላችሁ፣ ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ከዚያ ከኪሳቸው ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ። «ስንት ዓመት አማቼ ሆነህ በዚያ በአጭሩ ስም ነው የጠራሁህ። እንደዚያ ነው የተዋወቅከኝ። እናትህ የምትጠራህ ስም ግን እሱ አይደለም። እስቲ እውነተኛውን ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ሞከሩ፤ «ሰ» ወጣ። «ጥርስዎን ገጠም ያድርጉና ትንፋሽዎን አፍነው ድንገት ይልቀቁት» አልኳቸው። «ዘ» ወጣ። በሰባተኛው ይሁን በስምንተኛው አንድ ንጹሕ «ጸ» ሳሎናችን ውስጥ ጮኸች። የሰባ ዓመት ሰው እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። «አሁን ተራው ያንተ ነው» ብለው ሁለቱን ኤል አስተማሩኝ። ለናንተም ይኸውላችሁ፤ ምላሳችሁን «ለ» ልትሉ እንደምትዘጋጁ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ድምፅ ሳታወጡ በምላሳችሁ ጎን አየር ብቻ ንፉ። እሳቸው «ጸ፣ ጸ» እኔ ደግሞ እየነፋሁ… ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣችና በሩ ላይ ቆማ ሁለታችንንም አየችን። ሁለት ድመት የተጣላ መስሏት ነበር። በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ጨዋታው ደራ። «የቤተሰብ ስሙስ ማን ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ፣ የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም እንደሆነ ነገርኳቸው። ጠረጴዛውን መቱት። «ይኼማ የኛ ነው!»

ለካስ የነሱም ድሮ እንደኛ ነበር! «አፕ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ ልክ እንደ ግዕዙ «ወልደ»። እ.ኤ.አ. በ1282 የተገደለው፣ «የመጨረሻው» እየተባለ የሚጠራው የዌልስ መስፍን ስሙ ሊወሊን አፕ ግሪፊዝ ነው፤ የግሪፊዝ ልጅ ሊወሊን። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1536 እና በ1543 በወጡት ሕጎች ዌልስ በእንግሊዝ ሕግ ሥር ገባች። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ እንደ እንግሊዝ የማይለወጥ የቤተሰብ ስም መያዝ ተለመደ። «አፕ»ም ስሙ ውስጥ ሰጠመች። አፕ ሪስ የነበረው ፕራይስ ሆነ። አፕ ሃወል ፓውል፣ አብ ኦዋይን ቦወን፣ አብ ኢቫን ደግሞ ቤቫን ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1948 የብሪታንያ ነፃ ሕክምና ሲጀመር የጤና ሚኒስትሩ የነበረው አናይሪን ቤቫን የዚሁ ስም ባለቤት ነው። እንግዲህ ልጄ ያለ ክፍያ የሚወለደው በ«ኢቫን ልጅ» ምክንያት ነው ማለት ነው።

የአባቶቻቸው ስም በአብዛኛው ጥቂት ስለነበረ ዛሬ መንደሩ በሙሉ ጆንስ፣ ዴቪስ፣ ዊሊያምስ፣ ኢቫንስ ነው። ስለዚህ በሥራ ይለያያሉ፤ ጆንስ ዳቦ፣ ጆንስ ወተት። እኛ ሰፈር «እገሌ ላዳ»፣ «እገሌ ጋራዥ» እንደምንለው።

በመጨረሻ ዝርዝሩን አነሱና አንዱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ዲላን ይሉታል እንግሊዞቹ» አሉ። በድሮ የዌልስ ተረት ውስጥ ስም እንደወጣለት ወዲያው ወደ ባሕር ገብቶ እንደ ዓሣ የዋኘ ልጅ ነው። ትርጉሙም ከባሕርና ከማዕበል ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ስዋንዚ ከተማ የተወለደው ገጣሚ ዲላን ቶማስ ስሙን ያገኘው አባቱ ከዚያ ተረት ወስዶለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ሮበርት ዚመርማን የተባለው አሜሪካዊ ዘፋኝ ስሙን በሕግ ቦብ ዲላን አስባለ። አሁን ስሙን የማያውቅ አገር የለም። «ግን ሁሉም ተሳስተው ነው የሚጠሩት። በዌልስኛ መጀመሪያ ላይ ያለችው ዋይ ‹ኢ› አትባልም።»

«እንዴት ነው ታዲያ የሚባለው?» አልኳቸው።

አሉት። እኔም ፈዝዤ ቀረሁ። እንግሊዞቹ የሌላቸው መስሏቸው የሚቸገሩበት ያ ድምፅ፣ እኛ በፊደል ገበታ መጀመሪያ ላይ የምንቆጥረው የግዕዙ «ደ» ነው! ሌሊት መሆኑን ረስቼ አዲስ አበባ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ቅድም በስሕተት ነው የነገርኩሽ። ዲላን አይደለም። ደላን ነው።»

ዝም አለች። አሁንም ጋሬጣ ሊመጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ደላን?» አለች። «ደላን… እንዴት ያለ ስም ነው ልጄ።» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እናንተ አታውቁም፤ እኛ ቤት ደልቶን አያውቅም። አባቴ አምስት ልጅ በአንድ ደመወዝ ሲያሳድግ አንድ ቀን «ደላን» ሳይል ነው ያለፈው። «አባትህ ይህን ሳይሰማ» አለች። በነሱ አገር የባሕር ስም እንደሆነ ልነግራት ጀምሬ ነበር። አቋረጠችኝ። «ባሕሩ የነሱ ይሁን። ደላን የሚለው የኔ ነው።»

ልጁ ተወለደ። በአርባ ቀኑ ለንደን ወስደን ክርስትና አስነሳነው። በዚህ አገር ሕግ ልጅ በአርባ ሁለት ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሁለት ቀን ሲቀረን መዝገብ ቤት ሄድን፣ ሽማግሌውም አብረውን። ጸሐፊዋ ስሙን በእንግሊዝኛ አነበበችው። ባለቤቴ በትሕትና አረመቻት። ሁለተኛ ስም ላይ ስትደርስ የኔን የራሴን ስም አየችና «ይህ ግን የአባትየው የቤተሰብ ስም አይደለም» አለች። ሕጉ እንደማይከለክል ታውቃለች፤ ገርሟት ነው። ሽማግሌው ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ስሜን ከነ«ጸ»ው አንድም ሳይሳሳቱ ጠሩላት። «የእሱ ልጅ ነው። እኛም ድሮ እንደዚህ ነበርን» አሏት።

በማግሥቱ ሥራ ገባሁና አለቃዬን ቢሮው ድረስ ሄጄ እውነተኛ ስሜን ነገርኩት። ደነገጠ። ወረቀት ላይ ጻፈልኝ አለኝ። አሁንም «ሰ» ነው የሚለው፤ ግን እየሞከረ ነው።

ወጣቶች፣ ነገ ትወልዳላችሁ። ልምከራችሁ። አዲስ አበባም ቢሆን ከፊልም ተቃርሞ የሚወጣ ስም ሞልቷል። ከውጭ መምጣቱ አይደለም ችግሩ። መጀመሪያ ትርጉሙን ጠይቁ። ቀጥሎ በባለቤቱ ቋንቋ እንዴት እንደሚጠራ አጣሩ፤ እኔ ባለማጣራቴ ባሕሩን ዲላ ወስጄው ነበር። ከዚያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በሁለቱም አያቶች ፊት ጥሩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለማያውቃችሁ ሰው እንዲቀለው ብላችሁ ስም አታውጡ። የማያውቃችሁ ሰው ሁለቴ ጠርቷችሁ ይሄዳል። ዕድሜውን ሙሉ የሚጠራው የሚወደው ሰው ነው። የሚወደው ደግሞ ይለማመዳል።

የልጄን ስም አልነገርኳችሁም። ገጹ ስም አይጽፍም፤ ገምቱት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እናቴ እሑድ እሑድ በስልክ ታነጋግረዋለች። ጆሮዋም ትንሽ ስለደከመ ትጮሃለች። «ደላን! ደላን! ደላን!» ትላለች ደጅ ላይ ቆማ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጎረቤቶቿ መጥተው ብድር ጠይቀዋት ሄዱ።